በጋቢ ሄደ፣ በሽርጥ ተመለሰ

ግመል ራሷ ጥላ ፍለጋ በምትንከራተትበት ምድር ላይ ዩኒቨርሲቲ መትከል የማን ሐሳብ እንደነበረ ባውቅ ደስ ይለኛል። ልከሰው አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ፍርድ ቤት መመላለስ አልችልም፤ የክልላችን የዳኝነት መቀመጫ ደግሞ ሚዛን አማን ነው፤ ከማጂዋ ቱም ተነሥቼ በክረምት እዚያ እስክደርስ እኔም ተከሳሹም ለሌላ ዳኛ እንቀርባለን። ብቻ ሰውየውን አግኝቼ «ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ለም አገር እያለ ምን ቸገረህ?» ብዬ ፊት ለፊት ብጠይቀው ይወጣልኛል።

የምነጫነጨው ስለ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ነው። አፋር ክልል ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ ጅቡቲ በሚያልፈው አውራ ጎዳና በኩል ይገኛል። የተመሠረተው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ ሁሉ «ሚሌኒየም፣ ሚሌኒየም» እያለ ሲጨፍር አንዱ ከግብዣው ቀስ ብሎ ወጥቶ በረሃ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ ማለት ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ተሻግሮ ቢሄድ እዚያ ዜና አይሆንም። እኛ ቱም ላይ 40 ብለን የምናውቀው ተዝካሩን ነው።

ነገሩ ወደ ቤቴ የገባው በልጅ ልጄ በኩል ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። ፈተናውን የወሰደው ትምህርት ቤቱ ቁጭ ብሎ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ፣ እዚያው እያደረ ነው። ኩረጃ ለመከላከል ነው አሉ። ውጤቱ ሲወጣ በአገር ደረጃ ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። የኛው ልጅ ከነዚያ አንዱ ሆነ። በግ ታረደ፣ ቦርዴ ተጠመቀ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔም ተነሥቼ «ከክፉ ይሰውርህ፣ ከፀሐይ ይጋርድህ» ብዬ መረቅሁት። ሁለተኛዋ ወደ ላይ አልደረሰችም።

ምደባ ወጣ። ልጁ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቆየና «ሰመራ ደረሰኝ» አለ። ዕቁብ የወጣለት ይመስል፣ ደረሰኝ! ምርጫው ላይ መጀመሪያ ጅማን፣ ቀጥሎ ሚዛን ቴፒን ሞልቶ ነበር። እኔማ ሚዛን ቴፒን አስቀድሜ ለልቤ ነግሬው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የኛ ነው ስንል የኖርነው እሱን ነው፤ አንዱ ግቢ ሚዛን፣ አንዱ ቴፒ፣ ዙሪያው ቡና፣ ዙሪያው ኮረሪማ። ማር እልክለታለሁ፣ ሲርበው ብቅ ይላል ብዬ ነበር። «ማነው የመደበህ?» ብለው «ኮምፒዩተር ነው አባባ» አለኝ። ዝናብ የማይመታው፣ ፀሐይ የማያከስለው ዕቃ ምኑን አውቆ ነው ሰው የሚመድበው? የቆሎ ተማሪ እንኳ አኩፋዳውን አንግቶ የሚነሣው የመምህሩን ዝና ጠይቆ፣ የአገሩን ውሻ አጣርቶ ነበር።

እናቱ ሻንጣ አዘጋጀች። ሹራብ ከተተች። «ሌሊት ሌሊት ይበርደው ይሆናል» አለች፤ እናት አይደለች። እኔም ያለኝን ድርብ ጋቢ አውጥቼ ሰጠሁት። በክረምት ማለዳ ቱም ላይ ያለ ጋቢ ከቤት የሚወጣ ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ ወጣት ነው። ሌላም ስንቅ ነበረ፦ ማር፣ የተቆላ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥቂት ቆጮ። ልጁ አንዱንም አልተቃወመም። ኋላ እንደገባኝ ሁሉንም ሰመራ ደርሶ ለማከፋፈል አስቦ ኖሯል።

ስለ መንገዱ ዝም እላለሁ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ከቱም ሲወጣ ዝናብ ጥሎ ነበርና መኪናው አንድ ቦታ ተቀበረ፤ ተሳፋሪ ወርዶ ገፋ፣ ልጁም ገፋ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የመጀመሪያ ሥራው መኪና መግፋት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሲተርክልኝ ግን ደሜ ፈላ። ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌ አድርጎ እስከ ሰመራ ድረስ አስፋልት! በረሃው ውስጥ አስፋልት! ማረሻ የማይነካው፣ ዝናብ የማይጎበኘው ምድር አስፋልት ለብሶ፣ ዱላ ብትተክል የሚበቅልበት የማጂ ምድር ጭቃ ለብሶ ቁጭ ብሏል። «የአገሪቱ ዕቃ የሚገባውና የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ነው አባባ» ይለኛል። አውቃለሁ። ቡናችንም ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ምቾት የሚያገኘው እዚያ በረሃ ሲደርስ ነው። ከጫካው እስከ ሚዛን ድረስ ያለውን አሳሩን ግን ማን ጻፈለት?

አውሮፕላንም አላቸው። የሰመራው ማረፊያ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም ተሰይሟል፣ ከአዲስ አበባ ይበራል። ቱምስ አውሮፕላን አያውቅም እንዳትሉኝ። እኛ ሰመራ የምትባል ከተማ ገና ሳትታሰብ፣ የአፋር መቀመጫ አሳይታ ሳለች፣ ሜዳችን ላይ ዳኮታ ያርፍብን ነበር። ከብቱን ከሜዳው አባርረን፣ አቧራውን ጠጥተን፣ ነጂውን «እንኳን ደህና መጡ» ብለን ነበር የምንቀበለው። ዛሬ ከብቱን የሚያባርር የለም፣ አውሮፕላኑም አይመጣም። ይህን ለልጄ ልጅ ስነግረው ተረት የምነግረው ይመስለዋል፤ በትሕትና «እሺ አባባ» ይላል። ከዚህ «እሺ አባባ» ስድብ ይሻለኛል።

ስልክ መደወል ጀመረ። ቀን ቀን ሙቀቱ ስለማያስጠና የሚያጠናው ሌሊት ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ተነሥቶ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ይከተታል። «ጋቢውስ?» አልኩት። «አነጥፈዋለሁ» አለኝ። አስቡት እንግዲህ። ድርብ ጋቢ፣ በእጅ የተፈተለ፣ ፍራሽ ሆኖ ቀረ። እናቱ «ልጄ ከሰለ» ብላ ታለቅሳለች፤ እኔ ለጋቢው አለቅሳለሁ።

ደግሞ የሚማረውን ስሙልኝ፤ የደረቅ መሬት እርሻ። የማጂ ልጅ! ይህን ዕውቀት ይዞ ቱም ሲመጣ ደረቅ መሬት ከየት ሊያመጣ ነው? ምጣድ ሥር ካልሆነ በቀር እኛ ጋ ደረቅ መሬት የለም። ሚዛንና ቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ብዙው የአፋር ቆላ ግን ከ200 በታች ነው የሚያገኘው። ይህን ቁጥር የነገረኝም እሱ ነው። ሚሊ ሜትር ምን እንደሆነ ሳላውቅ ተናድጄ ቆየሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ለክረምት መጣ። በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ፤ ወገቡ ላይ ሽርጥ አሸርጧል፣ ጥቁር ሆኗል፣ ቁመቱ ጨምሯል፣ ይስቃል። በጋቢ የላክሁትን ልጅ በሽርጥ መለሱልኝ። ዝናቡ እየወረደ «አባባ እንዴት ደስ ይላል!» እያለ ግቢው መሐል ቆሞ ይበሰብሳል። ጎረቤቶች በአጥር አዩት። እኔ ወደ ቤት ገባሁ።

ገብቶ ሲቀመጥ ደግሞ «አባባ፣ ዳጉ እናድርግ» አለኝ። ዳጉ ምንድነው? አፋሮች ሁለት ሆነው መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጦ ማለፍ ነውር ነው። አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ የጠፋ ግመል የት ታየ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ። የሰማ ሰው ለቀጣዩ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል፤ ወሬውን ያዛባ ይናቃል። ስልክ በሌለበት ምድር ዜናው ከስልክ ይፈጥናል ይላሉ። ምሁራንም ይጽፉበታል፣ ይመራመሩበታል። ይህን ስሰማ እንዴት እንደተንገበገብኩ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ይኸንኑ ሥራ ቱም ገበያ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ። ያገኘሁትን ሰው አስቁሜ የሰማሁትን ነግሬ፣ የሰማውን ጠይቄ። በረሃ ላይ ሲሆን ባህል ነው፣ ጥናት ይሠራበታል፤ እኔ ጋ ሲሆን «ያ ወሬኛ ሽማግሌ መጣ» ተብሎ መንገድ ይሻገሩልኛል።

ቢቸግረኝ በዕድሜ ልበልጣቸው አሰብኩ። ሽማግሌ ከዕድሜ ሌላ ምን ሀብት አለው? «እኛ ኦሞዎች ጥንት ነን» አልኩት። ኦሞ ኪቢሽ በ1959 ዓ.ም. የተገኘው የሰው አጥንት በዓለም እጅግ ቀደምት ከሚባሉት የኛ ዓይነት ሰዎች አንዱ እንደሆነ፣ በቅርቡ በ2022 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ደግሞ ዕድሜው ቢያንስ 233,000 ዓመት ሆኖ መገኘቱን ከሬዲዮ ሰምቼ ይዤዋለሁ። ልጁ ሳቀና ድንቅነሽን አወጣብኝ። ህዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። እሷም አልበቃችውም፣ አርዲ አለች፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፣ የመካከለኛው አዋሽ ልጅ። ዝም አልኩ። ያለኝን አንድ ሀብት በረሃ ወሰደብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፤ እኔ ሳልሆን ልጁ ነው ያጫወተኝ። ድንቅነሽን ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰን ያቋቋመው የሰው ዘር አመጣጥ ተቋም በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጓዙን ጠቅልሎ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። አሪዞና የት ነው? አሜሪካ፣ በረሃ ውስጥ! ዩኒቨርሲቲው በ1885 (እ.ኤ.አ.) ለመምህራን ማሠልጠኛ ተብሎ የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬ በምርምር ስሙ የገነነ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እዚያ ይማር የነበረው የኛው አገር ሰው ቻላቸው ስዩም በ2013 (እ.ኤ.አ.) አፋር ሌዲ ገራሩ ላይ ሲያስስ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ መንጋጋ አገኘ፤ እስከዚያ ድረስ ከታወቁት የሆሞ ወገን አጥንቶች ሁሉ ቀደምቱ። እንግዲህ አሜሪካ በረሃ ላይ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ የሐበሻን ልጅ አስተምሮ የሐበሻን በረሃ እንዲያስስ ላከው። ደረቅ መሬት አጥንት ያስቀምጣል፤ እኛ ጋ ግን የቀበርነው ሁሉ በሦስት ክረምት አፈር ነው። በዚህስ የሚከሰስ የለም፣ ዝናቡን ካልሆነ።

ሌላው ያናደደኝ ዛፍ ነው። አዎ፣ ዛፍ። በረሃ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዛፍ በዛብን ብለው ያለቅሳሉ። ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ በደርግ ጊዜ ከውጭ አስገብተው፣ አፈር ይይዛል፣ ጥላ ይሆናል ብለው ተከሉት። አፋሮች የደርግ ዛፍ ይሉታል። አሁን በክልሉ ከሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወሯል፤ ግጦሹን ውጦ፣ የአዋሽን ዳር ይዞ፣ እሾሁ የከብት እግር ይወጋል። ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያጠፉት፣ ካልሆነም እንዴት ከሰልና መኖ እንደሚያደርጉት ይማራሉ። እኔ ልጁን «ለኛ ንገሩን እንጂ፣ እኛ ዛፍ በመጨረስ የታወቅን ነን» አልኩት። አልሳቀም። ቀልዴ እውነት ስለሆነ ነው ያልሳቀው፤ ጫካችን ከዓመት ዓመት ወዴት እየሸሸ እንደሆነ ቱም ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይሰወርም።

ሁለተኛ ዓመት ሊማር ሄደ። ህዳር ላይ ደግሞ ምድር ፈነዳች። ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚያው አፋር ሃይሊ ጉቢ የሚባል፣ በታሪክ ሲፈነዳ ያልታየ ተራራ ተነሥቶ አመዱን ሰማይ ሰደደ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ህንድ ሰማይ ደረሰ፤ አውሮፕላኖች በረራ ሰረዙ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች ግጦሻቸው አመድ ለበሰ፤ ለነሱ ቀልድ አልነበረም። ልጄ «ልጄን አምጡልኝ» ብላ ሰፈሩን አነቃነቀች። ልጁ ሲደውል ግን ድምፁ የሠርግ ቤት ነው። «አባባ፣ ዕድለኞች ነን! እንዲህ ያለ ነገር ዓለም ላይ ስንት ሰው ነው በዘመኑ የሚገጥመው?» ዕድለኞች! እንዲህ ዓይነት ዕድል ከጠላቴ ቤት ይግባ።

ልረጋጋ ብዬ «ምድሩ ይኸን ጊዜ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው?» ብለው ጭራሽ ባሰ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም እዚያው አፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር ተሰንጥቃ ነበር አለኝ፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ቦታ ቦታው ላይ እስከ 8 ሜትር የሰፋ፣ ያውም በቀናት ውስጥ። የዓለም ምሁራን እየመጡ ለኩት። አገሩ ቀስ በቀስ እየተላቀቀ ነው፤ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ባሕር ይገባበታል ይላሉ። ባሕሩ ለልጁ ምረቃ እንደማይደርስ አጣርቻለሁ። ያስቀናኝ ሌላ ነው። እዚያ ያለ ማንም ልመና 60 ኪሎ ሜትር በቀናት ውስጥ ተከፈተ፤ እኛ 60 ኪሎ ሜትር መንገድ ለማስከፈት ስንት ኮሚቴ እንዳቋቋምን እግዜር ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልግባ፤ እስካሁን ያለው መንደርደሪያ ነው።

በረሃው ምንም የለውም ስንል ኖርን። ያለው ሁሉ ግን ይቆጠራል፣ ይለካል፣ ይጻፋል። ጨውን ተዉት፤ ጨውማ ድሮም አሞሌ ሆኖ በግመልና በበቅሎ ጀርባ እስከ ከፋ ድረስ ወርዶ ገንዘባችን ነበር፤ ዛሬም ወጣችን ላይ የምንበትነው ጨው በአብዛኛው የአፍዴራ ሐይቅ ነው። ሙቀቱን ሳይቀር ለክተውታል፤ ዳሎል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓመታት ተለክቶ አማካዩ 34 ዲግሪ አልፎ በመገኘቱ በዓለም ከሰው መኖሪያዎች ሁሉ ሞቃቱ ተብሎ ተመዘገበ። የዓመት አማካይ ነው፣ ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ። እኛስ? ማጂ ጫካ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ቆጠረው?

አንድ ሰው ቆጥሮ ነበር፤ እሱም የኛ አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። የቡና ዘር ከዚህ ከጌሻ ጫካ ተለቅሞ የሄደው በዚያ ዘመን ነው። ዘሩ ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ደረሰ፣ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ኮስታ ሪካ ገባ፣ ከዚያ ፓናማ። እዚያ ረስተውት ኖረው በ2004 (እ.ኤ.አ.) አንድ እርሻ ለብቻው አፍልቶ ለውድድር ቢያቀርበው ቀማሾቹ አበዱ። በ2017 ዓ.ም. በጨረታ 1 ኪሎው ከ30,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። የገዛው ማን ይመስላችኋል? ዱባይ ያለ ቡና ቤት! እንደገና በረሃ! ከጓሯችን የወጣ ቡና ፓናማ ተራራ ላይ አድጎ በረሃ ውስጥ ተጠጣ፤ እኛ ግን ገለባውን አፍልተን «ቡና ጠጡ» እንባባላለን። ቆንስላው ዩኒቨርሲቲ አልነበረውም፣ ላቦራቶሪ አልነበረውም። በቅሎ ብቻ ነበረው።

ሰው አይሠራም ማለቴ አይደለም። ጅማ ላይ የቡና ምርምር አለ፣ ቴፒ ላይ የቅመማ ቅመም ምርምር አለ፣ ሚዛን ቴፒም የራሱን ይሠራል። ቱም ግን ከእነዚህ ሁሉ ወዲያ ነው። ተመራማሪ እዚህ ሲመጣ ያየሁት ጥቂት ነው፤ የሚመጣውም ከመኪና ሳይወርድ «መመለሻ መቼ ነው?» ይላል። ይህን የሚለው ስለ ዝናቡ ነው ወይስ ስለ አበሉ፣ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ የልጅ ልጄ ምን አደረገ መሰላችሁ? ለሁለተኛው ዓመት ከመሄዱ በፊት ጓሮዬ ውስጥ ቆርቆሮ ተከለ። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ አፉ የተስተካከለ፣ ጎኑ በድንጋይ የተደገፈ። «አባባ፣ በየማለዳው ውኃውን በማስመሪያ ይለኩና ይጻፉልኝ» አለኝ። እኔን! ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፣ የሥራ ልብስ የለው። ይኸው ጠዋት ጠዋት በጭቃ ወርጄ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ ሚሊ ሜትር እቆጥራለሁ። ፍየል ጠጥቶብኝ ያውቃል፤ ያን ዕለት ግምት አልጻፍኩም፣ «ፍየል» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ስልክ ላይ ሲስቅ ቆይቶ «ትክክለኛ ተመራማሪ እንዲህ ነው የሚጽፈው» አለኝ። ወደድኩትም ጠላሁትም ደብተሩ እየሞላ ነው፤ ቱም ላይ ስንት ዝናብ እንደጣለ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ቢመጣ፣ ከፍየሏ ቀን በቀር፣ መልስ አለኝ። እስካሁን የጠየቀ የለም።

ተናድጄ የደረስኩበት ይህ ነው፦ በረሃውን ዩኒቨርሲቲ በመስጠታቸው አልከፋም፤ ሰው የሚሸሸውን ምድር ማጥናት ወግ ነው። የከፋኝ የሞላለትን ምድር ማንም ሳያጠናው በመቅረቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስጡን አልልም፤ ተሰጥቶንም ሕንፃው ከጭቃው ጋር ሲታገል ዕድሜያችን ያልቃል። አንድ ክፍል፣ አንድ የዝናብ መለኪያ ከቆርቆሮ የተሻለ፣ የጫካውን ቡና በስሙ የሚመዘግብ አንድ ወጣት፣ እና ያን ወጣት በክረምትም የሚያደርስ መንገድ። ይህን የምለምነው ለሚመለከተው ሁሉ ነው፤ የሚመለከተው ማን እንደሆነ እሱ ራሱ ያውቀዋል።

ለአፋር ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ዘንድሮ ልጃችሁ ሚዛን ቴፒ ከደረሰው አትደንግጡ። ቦቲ ጫማውን አዲስ አበባ ሲያልፍ ግዙለት፤ እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ስሙን ላኩልኝ። ቱም ድረስ ከመጣ ማደሪያም፣ ማርም፣ ዳጉ የሚያደርገው ሽማግሌም አለው። የመንገዱን ነገር ግን ኃላፊነት አልወስድም።